ዘጠና ደቂቃ ከነምርቃቱ

ሶልያና በቀን ሦስት ሺህ ደረጃ ትወጣለች፤ ሦስት ሺህ ትወርዳለች። ጀርባዋ ላይ ሃያ ኪሎ አለ። በመዝገብ ግን ተቀምጣ ነው የምትውለው።

ሶልያና ዕቃ አድራሽ ናት። በራሪዎቹ ዕቃ አድራሽ ማሽኖች ደሴ ላይ የሠሩት ሁለት ክረምት ብቻ ነው። የጦሳ ተራራ ንፋስ እያነሳ ከጣሪያ ጣሪያ ሲያላትማቸው ሰው ታገሠ። አንደኛው የአንድ ባለሥልጣን ልጅ ሰርግ ላይ፣ ድንኳኑን ቀዶ ከነሳጥኑ ሙሽራው ፊት ሲወድቅ ግን በማግስቱ ታገዱ። ባለ ጎማዎቹ ደግሞ ደረጃ መውጣት አይችሉም፤ የደሴ ሰፈር ደግሞ ግማሹ ደረጃ ነው። ሥልጣኔው እዚህ ድረስ መጥቶ ደከመውና የሴት ጀርባ ተፈለገ።

እንቅስቃሴ የሚመዘግበውን አምባር ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ የሆነች ሴት ሁሉ ግራ እጇ ላይ ታደርገዋለች። ለሥራ ስትንቀሳቀስ ግራጫ ነው። ለራሷ ስትንቀሳቀስ አረንጓዴ ይበራል። ሦስተኛም ቀለም አለው፤ እሱን ኋላ እነግራችኋለሁ፤ ጉድ የሠራን እሱ ነው።

ለራስ መንቀሳቀስ ምን ማለት እንደሆነ የትርፍ ጊዜ እንቅስቃሴ ባለሥልጣን በአርባ ገጽ አብራርቶታል። እኔ ሥራ ስለሌለኝ አንብቤዋለሁ። በአጭሩ፣ ለማንም የማይጠቅም መሆን አለበት። ገበያ ደርሶ መመለስ የቤት ሥራ ነው። ልጅ አዝሎ እሹሩሩ ማለት የቤት ሥራ ነው። ለቀብር አራት ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ማኅበራዊ ግዴታ ነው። ሰርግ ላይ መጨፈር፣ ሙሽራዋ ዘመድ ከሆነች ግዴታ ነው፤ ካልሆነች ግን ይያዛል። ጦሳ ሥር በታጠረው ሜዳ ውስጥ እንደ ውቂያ በሬ መዞር ንጹሕ አረንጓዴ ነው። በሬው እንኳ ሲዞር እህል ያበራያል።

ይህ ሁሉ ለእኛው ሲባል ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት ጥቂት ሐኪሞች ሴቶችን ጠይቀው አንድ ነገር ጻፉ ይባላል፤ በትርፍ ጊዜያቸው ስፖርት የሚሠሩ ሴቶች በማሕፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ዝቅ ያለ ይመስላል ብለው። ሐኪሞቹ ጨዋ ሰዎች ነበሩ። «ይመስላል» ብለዋል፤ «ምርመራው ግን እንዳይቀር» ብለዋል። ባለሥልጣኑ «ይመስላል» የሚለውን ቦታ እንዳያጣብብ አወጣው። ምርመራውን ደግሞ ሽልማት አደረገው። በሳምንት ዘጠና አረንጓዴ ደቂቃ እያስመዘገበች አሥራ ሁለት ሳምንት የደፈነች ሴት የምርመራ ካርድ ታገኛለች። ያላስመዘገበች ለራሷ ያላሰበች ናት፤ ታዲያ ሌላው ለምን ያስብላት? የግል ክሊኒኮችም ያለ ካርዱ በራቸውን አይከፍቱም።

እኔ ፊርዶስ እባላለሁ። ሃምሳ ዓመቴ ነው። ጥልፍ ጠላፊ ነበርኩ፤ እኔ በወር የምጨርሰውን ቀሚስ ማሽኑ በሩብ ሰዓት መጨረስ ሲጀምር ሥራ ፈታሁ። ድሮ ሥራ ለፈታ ሰው ይታዘንለት ነበር። ዛሬ ከጠዋት እስከ ማታ ሜዳውን ስለምዞር፣ በመዝገብ ከሰፈሩ ሴት ሁሉ ጤነኛዋ እኔ ነኝ።

ሐምሌ ላይ አንድ ጠዋት ሶልያና ደጄ መጥታ ሸክሟን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። አታወርደውም፤ አንዴ ካወረደችው መልሶ የሚያሸክማት ሰው መፈለግ አለባት።

«ፊርዱ፣ ደም እያየሁ ነው» አለችኝ።

«የወር አበባሽ ነዋ።»

«ያለ ጊዜው ነው። ከባሌ ጋር ስሆንም ይፈሰኛል። ከግንቦት ጀምሮ።»

«ሸክሙ ነው፤ አብሽሪ» አልኳት። ያለው አፌ ነው፤ ሆዴ አላመነም።

«እናቴም ሸክሙ ነው ስትል ነበር» አለች።

እናቷን የቀበርናት በአርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የማሕፀን በር ካንሰር ነበር፤ ሲታወቅ ረፍዶ ነበር። ሶልያና አሁን አርባ ስድስቷ ነው። ለልጃገረዶች የሚሰጠው የዚህ በሽታ ክትባት ትምህርት ቤታችን በመጣበት ዓመት እሷ ደብተሯን አስቀምጣ ሸክም ጀምራ ነበር። እናቷን ያየሁባት አልጋ ላይ እሷን ማየት አልፈለግሁም። ወዲያው ተነስተን ጤና ጣቢያ ሄድን።

መዝገቡ ላይ ናሆም የሚባል ትሑት ሰው ተቀምጧል። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነው የተቀበለን።

«ወይዘሮ ሶልያና፣ በዚህ ዓመት ያለዎት አረንጓዴ ደቂቃ አራት ነው» አላት። «አራቷ ምን ላይ እንደተገኘች ያስታውሳሉ?»

«ውሻ አባሮኝ ይሆናል።»

«ውሻ ከሆነ ልንሰርዛት ነው። በፈቃድ አይደለማ።»

«ወንድሜ፣ እኔ በቀን ሦስት ሺህ ደረጃ እወጣለሁ።»

«ይከፈልዎታል?»

«ካልተከፈለኝ ምን አባቴ አስወጣኝ?»

«እንግዲህ ሥራ ነው።»

«ደስ እያለኝ ብወጣውስ?»

ናሆም ጥያቄዋን በቁም ነገር ይዞ መመሪያውን ገለጠ። እስኪያገኘው ጠበቅነው። «ሸክም አለዎት» አለ በመጨረሻ። «ሸክም ካለ ደስታው አይያዝም።»

አላስቻለኝም። «ሴትዮዋ ደም እየፈሰሳት ነው እኮ!»

«እንደሱማ ከሆነ ስፖርቱን ዛሬውኑ ቢጀምሩ ነው የሚሻለው» አለ። ያለው ከልቡ ነው፤ ክፋት የለበትም። ክፉ ቢሆን ኖሮ እኮ አንድ መላ ይገኝለት ነበር።

ያ ሁሉ አጥር የሚጠብቀው ምርመራ ምን መሰላችሁ? ሲስተሯ ጥጥ አቼቶ ታስነካለች፤ ትቀባለች፤ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች፤ ታያለች። የታመመ ቦታ ካለ ነጭ ሆኖ ይወጣል። ጥጥ፣ ዓይን፣ እና እኛ ሰላጣ ላይ የምናደርገው አቼቶ። አያቶቻችንም በዚሁ ይመረመሩ ነበር ይባላል፤ እነሱን ግን ማንም ሩጡ አላላቸውም።

እሑድ ሶልያናን ሜዳ ወሰድኳት። በባዶ ጀርባ ስትሄድ ያየኋት ያን ቀን ነው። ያለ ሸክምም ጎንበስ ብላ፣ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትራመዳለች። አምባሩ ግራጫ እንደሆነ ቀረ።

«ቀና በይ እንጂ» አልኳት።

«ቀና ስል ወደ ኋላ የምወድቅ ይመስለኛል።»

የሜዳው ድምፅ ማጉያ «ይዝናኑ! ለራስዎ ይኑሩ!» እያለ ይጮኻል። ሦስት ዙር ከዞርን በኋላ ሶልያና አረፍ ልበል ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፤ ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳት። ጥበቃው መጥቶ ቀሰቀሳት። እዚያ ሜዳ ላይ ማረፍ ክልክል ነው።

«ወንፈል እንግባ» ያለችው ሆቴል አንሶላ የምታጥበዋ ሐሴት ናት። አያቶቻችን ዛሬ ያንቺን ማሳ ነገ የኔን ተባብለው እየተጋገዙ አርሰው ኖረዋል። እኛ ማሳ የለንም፤ አምባር ግን አለን። አራት ሆነው ተስማሙ፦ ሶልያና፣ ሐሴትና አብረዋት የሚያጥቡ ሁለት ሴቶች። እኔ አምባራቸውን አድርጌ እዞርላቸዋለሁ፤ እነሱ በተራ ውሃዬን ይቀዱልኛል፣ ልብሴን ያጥቡልኛል። አምባሩ ለመታጠቢያ ይወልቃል። ሲመለስ ማን እጅ ላይ እንደተመለሰ አይጠይቅም። አውቆ የተኛ ቢቀሰቅሱት አይሰማም ነው ነገሩ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አራቱ አምባሮች ደጄ ላይ ካለው ሚስማር ተንጠልጥለው አገኛቸዋለሁ። የራሴን ጨምሬ አምስቱን እስከ ክንዴ ደርድሬ፣ በረጅም እጅጌ ሸፍኜ፣ እንደ ሙሽራ ሜዳ እወርዳለሁ። አምስቱም አብረው አረንጓዴ ይበራሉ። አንድ ጊዜ ጥበቃው «እትዬ፣ ልብዎ በጣም ደስተኛ ነው መሰለኝ» ብሎኛል።

አሁን ጥፋቴን ልናገር።

እናቴ ሮብ ገበያ ምስር ትሸጥ ነበር። ሰፍራ ስትጨርስ አንድ እፍኝ ከላይ ጣል ታደርጋለች፤ ምርቃት ነው። ደረቁን ሰፍሮ ማስረከብ ነውር ነበር፤ ለማታውቀው ሰው እንኳ። ታዲያ እኔ ለሶልያና፣ ደም እየፈሰሳት ደረጃ ለምትወጣዋ፣ ዘጠናዋን ደቂቃ አፍ እስከ አፏ ሰፍሬ «እንኪ» ልበላት? የሌሎቹን አምባር ዘጠና ሲሞላ አወልቃለሁ። የእሷን ግን አላወልቅም። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ጨመርኩላት። ከዚያ ሃያ፤ ኋላ ላይ ከስድሳም አለፈ። አንዳንድ ጠዋት እናቷ ትዝ ስትለኝ እያለቀስኩ እሮጥላት ነበር። ይህን ስህተት ማሽን አይሠራውም፤ የእናቴ ልጅ ግን ሠራችው።

ጥቅምት መግቢያ ላይ፣ በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት፣ የሶልያና አምባር እጄ ላይ እንዳለ ወርቅማ ሆነ። ሦስተኛው ቀለም ማለት እሱ ነው። ለሥራ ፈት አይበራም፤ በአርባው ገጽም አልተጻፈም፤ ከዚያ በፊት አይተነው ስለማናውቅ እልልታዬን አቀለጥኩት። ሶልያናም ሸክሟን እንደተሸከመች ሳመችኝ።

በሦስተኛው ቀን ፎቶዋ አደባባዩ ላይ ወጣ። ሦስት ፎቅ ያህላል። «የጥቅምት ወር ጤናማ ሴት! ሶልያናን ይምሰሉ!» ይላል። ፊቷ ራሱ ነው፤ ወገቧን ግን አቃንተውታል፤ ስፖርት ልብስም አልብሰዋታል።

«ጀርባዬን እይውማ» አለችኝ ሥሩ ቆማ፣ ዕቃዋን እንዳዘለች። «እንዲህ ቀጥ ያለው የማን ልጅ ነው?»

ከዚያ ካርዷን ልንቀበል ወደ ናሆም ሄድን። ከሩቅ ሲያየን አጨበጨበ።

«እንኳን ደስ ያለዎት! ከስጋት ነፃ ሆነዋል!»

«አሜን። ካርዴስ?»

«ካርዱ እኮ ስጋት ላለባቸው ነው። በሳምንት ከመቶ ሃምሳ ደቂቃ በላይ የሠራች ሴት ምርመራ አያስፈልጋትም። ተራዎ ለሌላ ተላልፏል።»

«መጀመሪያ ስመጣ ደቂቃ የለሽም አልከኝ።»

«አልነበረዎትም።»

«አሁንስ?»

«አሁን በዛ።»

ሶልያና ወደ መዝገቡ ጠጋ አለች። «መሐል ላይ የት ነበርኩ?» አለችው።

ናሆም ፈልጎ አገኘላት፤ አዘነላትም። «እስከ ስምንተኛው ሳምንት ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ነው የጨመሩት። ምናለ ትንሽ ቢያርፉ?»

«ደሙ አልቆመም።»

«መዝገቡ ላይ የለም። ወርቁ በራሱ እስኪወርድ አንድ ዓመት ይታገሡ። ያኔ እንደገና ይመዝገቡ።»

የሮጥኩት እኔ ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። ሶልያና እግሬን ረገጠችኝ። መመሪያውን አንብቤያለሁ ብዬ የለ? አምባር ያዋሰችም የተዋሰችም ለሦስት ዓመት ከምርመራ ትታገዳለች፤ ከነማኅበርተኞቿ። እኔ ብናገር አራቱም ይወድቃሉ። ሦስቱ ደግሞ ካርድ ደርሷቸዋል። ደረቁን የሰፈርኩላቸው ሁሉ ደርሷቸዋል።

ደጅ ስንወጣ እንባዬ ፈሰሰ። «ገደልኩሽ» አልኳት።

«አልሞትኩም እኮ» አለች። «ደግሞ አደባባይ ላይ ጤነኛ ናት ተብሏል። አላየሽም?»

ልትስቅ ሞከረች። ያን ቀን ከሁለት ሰዓት በላይ መሥራት አልቻለችም፤ ወገቧን ይዛ ገባች።

ነገሩን ለሐሴት የነገርኳት እኔ ነኝ። የሐሴት ቀጠሮ ለኅዳር ሁለተኛው ሐሙስ ነበር። ካርዱ የሚሰጠው በአምስት ዓመት አንዴ ነው። ሐሴት ካርዷንና አምባሯን ከቀሚሷ ኪስ አውጥታ ለሶልያና ዘረጋችላት።

«አንቺ ሂጂበት። እኔ ምን ሆኛለሁ? አምስት ዓመት ምን አላት?»

«ሐሴት፣ ተይ፤ አይሆንም።»

«ደግሞ እኔ ሐኪም ፊት እግር መክፈት አልወድም። ገላገልሽኝ።»

እየሳቀች ነበር። ጣቶቿ ግን ካርዱን ወዲያው አልለቀቁትም፤ አይቻለሁ። ሐሴትም እንደ ሶልያና የቀበረቻት እናት ነበረቻት።

ሐሙስ ዕለት ሶልያና ሐሴት ሆነች። ዕቃዋን ለጤና ጣቢያው ዘበኛ አደራ ብላ፣ አራት ሰዓት ላይ አብረን ገባን። መርማሪዋ ሲስተር ኤልዳና የምትባል፣ ጡረታ የደረሰች ሴት ናት። የክፍሉ መስኮት ወደ አደባባዩ ነው የሚያየው። መጋረጃውን ስትስብ ሥዕሉን አየችው፤ ዞር ብላ ሶልያናን አየች፤ እንደገና ሥዕሉን አየች።

«ሐሴት፣ ያቺን ሴትዮ ትመስያለሽ» አለቻት።

«ሁሉም ይለኛል» አለች ሶልያና። «እሷ ግን ጤነኛ ናት።»

ሲስተር ኤልዳና ወደ ጠረጴዛዋ ዞረች። ጓንቷን አጠለቀች፤ ጥጡን አቼቶ አስነካች። ክፍሉን የሰላጣ ሽታ ሞላው። የሶልያናን እጅ ይዤ አንድ ደቂቃ ቆጠርኩ። በሕይወቴ ከቆጠርኳቸው አረንጓዴ ደቂቃዎች ሁሉ ያቺ ረዘመችብኝ።

ሲስተሯ ጎንበስ ብላ አየች። መብራቱን አቅርባ ደግማ አየች።

«መቼ ነው የጀመረሽ?»

«ግንቦት ላይ።»

«አሁን ኅዳር ነው።» ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። «ነጩ ሰፍቷል፤ የሚደማም ቦታ አለው። ሐምሌ ላይ መጥተሽ ቢሆን እዚሁ አልጋ ላይ አሥር ደቂቃም አይፈጅብኝም ነበር ይሆናል። አሁን ግን ከእኔ እጅ ወጥቷል። ትልቁ ሆስፒታል እጽፍልሻለሁ፤ ናሙና ወስደው ያዩታል፤ ኦፕራሲዮን ሳይሆን አይቀርም።»

«እናቴን በዚሁ ነው የቀበርኳት» አለች ሶልያና። «እድናለሁ?»

«ተስፋ አለው። ደህና ተስፋ አለው። ግን ሳምንት ሳይሞላ ግቢ። ሌላ ሳምንት እንዳትጨምሪበት፤ ሰምተሽኛል?»

«ሰምቻለሁ።»

ሲስተሯ ማሽኑ ላይ መጻፍ ጀመረችና አንድ መስመር ላይ ቆመች። «የዘገየችበት ምክንያት ይላል። ካልተሞላ አያሳልፈኝም። እስካሁን ምን ስትሠሪ ነበር ልበል?»

ሶልያና መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ወደ ውጭ አየች። ሦስት ፎቅ የምታህለው ጤነኛዋ ሶልያና ወገቧን አቃንታ ትስቃለች።

«ስዝናና ነበር በይ» አለች።

ሲስተር ኤልዳና ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ እንዳለቻት ጻፈች። ማሽኑ አረንጓዴ በራ፦ «ምክንያቱ ተቀባይነት አግኝቷል። እናመሰግናለን።»

ለሰኞ ተጻፈላት፤ በሐሴት ስም። ሐሴት ነገሩን ስትሰማ «ሆስፒታል ሳልተኛ ልቀደድ ነዋ» እንደምትል አውቃለሁ።

በሩ ላይ ዘበኛው የሶልያናን ዕቃ አቀበለን። ለምሳ ሰዓት ላይኛው ሰፈር መድረስ ያለበት ሳጥን ነው። እሷ ልማዷ ሆኖ ጀርባዋን አዙራ አጎነበሰች። ገመዱን ከእጁ ነጠቅሁት።

«አሸክሚኝ» አልኳት።

«አንቺ? ሸክም የት ታውቂያለሽ?»

«አሸክሚኝ ብያለሁ!»

አሸከመችኝ። ገመዱን ደረቴ ላይ አጥብቃ፣ ሳጥኑን በመዳፏ መታ መታ አድርጋ አስተካከለችው። ደረጃውን ጀመርነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት ነው፤ እሷ በቃሏ ታውቀዋለች። ከፊቴ ሆና፣ በባዶ ጀርባዋ፣ ቀና ለማለት እየታገለች ትወጣለች። ሠላሳውን ሳናልፍ ትንፋሼ አጠረ፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ይህን በቀን ስንቴ እንደምትመላለሰው በቁጥር አውቅ ነበር እንጂ በጉልበቴ አላውቀውም ነበር። ድንገት ቆማ ዞረች፤ የሐሴትን አምባር ወደ እኔ ዘርግታ።

«ፊርዱ! አረንጓዴ በራ! በራሴ እግር!»

«አውልቂው!» ብዬ ጮህኩ። «እንዳይበዛብን!»

ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፤ ከተቀመጥኩ የሚያነሳኝ የለም። ሳጥኑን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ እስክትጨርስ ጠበቅኋትና ቀጠልን። አራት መቶ አሥራ ሁለቱንም ወጣሁ። ሸክሙን አንዴም አልመለስኩላትም።

የእኔ አምባር ከመጀመሪያው ደረጃ አንስቶ ግራጫ ነበር። በመዝገብ፣ ያን ቀን ተቀምጬ ነው የዋልኩት።